ምርጥ ምድጃ፦ ማገዶ የሚቆጥበው መቼ ነው?

በሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ፣ ገበያው «ምርጥ ምድጃ» የሚለው፣ በብዙ ከተሞች ዳር ባሉ የብሎኬት ማምረቻዎች፣ በማኅበር በተደራጁ ሴቶችና ወጣቶች ግቢ፣ አንዳንድ ቦታም በወረዳው የኢነርጂ ጽሕፈት ቤት በኩል ይሸጣል። ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋግር ቤት ሁሉ ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነው። ግን ማገዶ የሚቆጥበው ስሙ አይደለም። ምጣዱ በልኩ ካልተቀመጠበት፣ ሲሚንቶው በቂ ውሃ ሳይጠጣ ከደረቀ፣ ወይም በሩ ለግንድ ተብሎ ከተሰበረ እንጨቱ እንደ ድሮው ይነዳል። ያኔ ቤቱ የምድጃውንም የእንጨቱንም ዋጋ ይከፍላል። ብዙ ሰው «ሞክረነው ምንም ለውጥ የለውም» የሚለው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ምክንያት ነው።

ይህን ያህል ስለ አንድ ምድጃ መጨነቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ምጣዱን ማየት ይበቃል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የሸክላ ገበታ ከዳር እስከ ዳር እኩል ግሎ፣ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሆኖ፣ ቀዝቃዛ ሊጥ በላዩ በፈሰሰ ቁጥር መልሶ መጋል አለበት። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰፊ ነገር በየቤቱ የሚያግል ምግብ ጥቂት ነው። በሦስት ጉልቻ ሲሆን ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከእንጨቱ ሙቀት ለእንጀራው የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው፣ ሌላው ወጥ ቤቱን፣ ግድግዳውንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል። ስለዚህም በኢትዮጵያ ቤቶች ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል አብዛኛው ደግሞ እስከ ዛሬ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ግድቡም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ፎቁም እየተሠራ የቤቱ እሳት ግን ከጫካና ከማሳ ይመጣል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያ ያጣል፤ ገለባው ሲነድ ከብቱ መኖ ያጣል። እንጨቱን ተሸክመው የሚያመጡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ምርጥ ምድጃ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ በጊዜው የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር በነበረው መሥሪያ ቤት ሥር በተደረገ ጥናት የተሠራ ነው። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር፣ ዛሬ ጂአይዜድ የሚባለው፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አምራቾችን በየክልሉ በማሠልጠን አስፋፍቶታል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የገጠር ማብሰያዎችን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ አድርጓቸዋል። የታሰበበት ንድፍ ነው ማለት ነው፤ በየመንገዱ ዳር በግምት ተቀርጾ የተለመደ ነገር አይደለም።

ስድስት ክፍል አለው። አራቱ ሲገጣጠሙ ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ምጣዱ በላዩ ይቀመጣል። ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ተገጥመው ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ቦታ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሞዴል ግድግዳ 6 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። በኋላ የመጣው ቀጭኑ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ለማጓጓዝም ይቀላል፣ ቶሎም ይግላል። ምርጫ ካላችሁ ቀጭኑን ውሰዱ። ወፍራሙ የሚያዋጣው በአንድ ቁጭታ ብዙ ለሚጋግር፣ ለምሳሌ እንጀራ ለሚሸጥ ቤት ነው፤ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይዞ ይቆያልና።

በሥራ ላይ ያለ ምድጃ በጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይባላል፤ ይህ ቁጥር ሐሰት አይደለም፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር ልክ ሲሆን የሚገኝ ነው። በጀት ስታወጡ 40 በመቶ ብላችሁ ያዙ። አምስት ወይም ስድስት እንጀራ ብቻ የሚጋገር ከሆነ ቁጠባው ከዚያም ያንሳል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው እሳት ሲሚንቶውን ለማጋል ይሄዳል። ለዚህ ነው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በሳምንት ሁለት ጊዜ ሃያ አምስትና ሠላሳ መጋገር በዚህ ምድጃ የሚያዋጣው።

ስትገዙ

ትልቁ የጥራት ጉዳይ ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ድብልቁና ውሃ ማጠጣቱ። ጥሩ አምራች ሲሚንቶውን ከፑሚስ ወይም ከቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር ያቦካዋል፤ ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ያው ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነው። ቀዳዳው ሙቀት ያግዳል፣ ክብደት ይቀንሳል። የወንዝ አሸዋ የሚገባበት ምድጃ ግን ከባድ ነው፣ ሙቀትም ይመጥጣል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በአሸዋው ውስጥ ያለው ነጭ ኳርትዝ ሙቀቱ ሲበረታ ይነፋል፣ ግድግዳውንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አንዱን ክፍል አንሡና ስብራቱን ወይም ታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀላ ወይም አመድማ ጠጠር ካያችሁ ጥሩ ነው። ጠጠር የሌለው፣ ልስልስና የሚያብረቀርቅ ግራጫ ከሆነ አሸዋ ነው።

ቀጥሎ ውሃው። ሲሚንቶ በመድረቁ አይጠነክርም፤ በውሃ ነው የሚጠነክረው። ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጥላ ውስጥ፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ጧትና ማታ ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ዛሬ በገበያ የሚገኘው ሲሚንቶ ብዙው ፖዞላና፣ ማለትም የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የተቀላቀለበት ፒፒሲ ስለሆነ ቶሎ አይጠነክርም፤ ለእርሱ 14 ቀን ቢሆን ይመረጣል። ሲሚንቶ በተወደደና በጠፋ ጊዜ ሁለት ነገር ይበላሻል፤ አምራቹ ሲሚንቶውን ይቀንሳል፣ የተሠራውንም ገንዘቡን ለማግኘት ሲል በሦስተኛው ቀን ይሸጣል። ይህ በክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሌለው ማኅበር ዕቃውን ለሁለት ሳምንት ግቢው ውስጥ አስቀምጦ መቆየት ይከብደዋል። ይህን ያወቀ ገዢ ቀብድ ከፍሎ «ከሁለት ሳምንት በኋላ እወስዳለሁ» ቢል ሁለቱም ያተርፋሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በጥፍራችሁ ወይም በሚስማር ጫፍ ጠርዙን ፋቁት፤ ዱቄት እየሆነ ከረገፈ አትግዙት። በትንሽ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ጠንክሯል፣ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ወይ አልጠነከረም ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል። አራቱንም ክፍል እዚያው ግቢው ውስጥ ደልዳላ መሬት ላይ አስገጥሙና መገጣጠሚያው ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቅርጽ ማውጫው ጠሟል ማለት ነው፤ ከዚያው ማውጫ የወጡት ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምጣዳችሁን ለኩ። ምድጃው የተሠራው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ምጣድ ነው። ምጣድ ደግሞ በሸክላ ሠሪዎች እጅ የሚሠራ ስለሆነ ከ50 እስከ 64 ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ከሆነ በዙሪያው ጭስና ነበልባል ይወጣል፤ ትልቅ ከሆነ ዳሩ ከግድግዳው ውጭ ስለሚተርፍ አይግልም፣ የእንጀራው ጠርዝ ሳይበስል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ገመድ ወስዳችሁ የምጣዱን ስፋት ለኩና ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ ምጣድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከምድጃው በኋላ ግዙት። ቀጠን ያለ ምጣድ ቶሎ ይግላል፣ እንጨትም ይቆጥባል፤ በጣም ከቀጠነ ግን ሊጡ ሲፈስበት ወዲያው ይበርዳል፣ ይሰነጠቃልም።

አተካከል

ምድጃው የራሱ ወለል የለውም፤ ክፍሎቹ መሬት ላይ ነው የሚተከሉት። እርጥብ መሬት ላይ ከተተከለ እሳቱ መጀመሪያ የሚያደርቀው መሬቱን ነው። ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይና የጭቃ መደብ ሥሩለት፤ በመደቡ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ አመድ ደልድላችሁ ምድጃውን በአመዱ ላይ ትከሉ። አመድ ሙቀት ያግዳል። መደቡ ለጋጋሪዋ ወገብም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለሁለት ሰዓት ጎንበስ ብሎ መጋገር ምን ማለት እንደሆነ የጋገረ ያውቃል። በሩ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ፊት ለፊት አይሁን፤ ነፋስ በቀጥታ ሲገባ ነበልባሉን ወደ ኋላ ይገፋውና ምጣዱ በኋላ በኩል ያርራል፣ በፊት በኩል ደግሞ ይበርዳል።

መገጣጠሚያዎቹን በጭቃ ምረጉ፤ ሁለት እጅ ሸክላ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ አመድ፣ አንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ። ሲሚንቶ አትጠቀሙ። ምድጃው ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ጭቃው አብሮት ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶ ግን ክፍሉን ይዞ ይሰነጥቀዋል። ምጣዱ የሚቀመጥበትንም ዙሪያ በዚያው ጭቃ ደልድሉት። ውሃ ምጣዱ ላይ አፍስሱና ወዴት እንደሚፈስ እዩ፤ ወደ አንድ በኩል ካጋደለ ሊጡም ወደዚያው ይወፍራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እሳት ቀላል ይሁን። አዲስ ሲሚንቶ ውስጥ ውሃ አለ፤ በመጀመሪያው ቀን ግንድ ነድዶበት ውሃው እንፋሎት ከሆነ ግድግዳውን ይሰብራል። ለሦስት ቀን ያህል በጭራሮ ብቻ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት አሙቁት። ከዚያ ጋግሩ። በጋለ ምድጃ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ እሳቱን ለማጥፋት አመድ ወይም አሸዋ ይበቃል።

አነዳድ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቁጠባ የሚጠፋው። የምድጃው በር ጠባብ የሆነው በስስት አይደለም፤ አየርና እንጨት በልክ እንዲገቡ ነው። ወፍራም ግንድ ለማስገባት በሩን መስበር ምድጃውን ወደ ጉልቻ መመለስ ነው። እንጨቱ ከእጅ አንጓ የማይወፍር፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር የማይረዝም ሆኖ ይፈለጥ። ፈላጭ ለማስፈለጥ የሚከፈለው ገንዘብ ከምንም በላይ የሚመለስ ወጪ ነው።

ከመፈለጡም በላይ መድረቁ ይበልጣል። ገና የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት በኪሎ ስትገዙ ግማሹን የምትገዙት ውሃ ነው፤ ስታነዱት ደግሞ ሙቀቱ ውሃውን ለማትነን ይሄዳል፣ የሚተርፋችሁ ጭስ ነው። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከላይ ክዳን ኖሮት፣ ጎኑ ነፋስ የሚያስገባ ቦታ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቢቆይ ይደርቃል። ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያና በግንቦት መግዛት ለዚህ ነው የሚያዋጣው፤ ዋጋውም ያኔ ይሻላል። ሁለት እንጨት አጋጩ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል።

ምጣዱን ለማጋል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠንከር ያለ እሳት ይበቃል። ከዚያ በኋላ እሳቱ መቀነስ አለበት፤ አንድ እንጀራ በወጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ፍልጥ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ ቆርቆሮው ተጣሞ እንፋሎት የሚያስወጣ አክንባሎ እያንዳንዱን እንጀራ በግማሽ ደቂቃ ያዘገያል፤ በሠላሳ እንጀራ ሩብ ሰዓት ነው። ዓይኑ ሳይወጣ እንጀራው ከታች ካረረ እሳቱ በዝቷል። ዓይኑ ወጥቶ ከላይ እርጥብ ከሆነ አክንባሎው ቀድሞ ተነሥቷል። ምጣዱ መሐሉ ላይ ብቻ ከጋለና ዳሩ ከበረደ እንጨቱ በጣም ወደ ውስጥ ገብቷል ወይም አመዱ ሞልቷል። አመዱ ከሦስት ጣት በላይ ሲወፍር አውጡት፤ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። እንጀራው አልነሣ ብሎ ከተቆራረጠ ግን ጥፋቱ የምድጃው ሳይሆን የምጣዱ ነው፣ በጎመን ዘር እንደገና ይሟሽ።

ከኋላ ያለው የድስት ቦታ ሲሸጥ ብዙ የሚወደስ ነገር ነው። ለማሞቅ ጥሩ ነው፤ ጋገራው ሳይቆም ውሃ ይሞቃል፣ ተጥዶ የቆየ ወጥ አይበርድም። ጥሬ ሥጋ ወይም ባቄላ ለማብሰል ግን አትጠብቁት። ድስቱ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከደፈነው ጭሱ ወደ በሩ ይመለሳልና ከሥሩ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተውለት።

ቁጠባውን በራሳችሁ ሚዛን

የሻጩን ቃል ማመን አያስፈልግም። የሻይ ቅጠል ሚዛን ሳይሆን ማንኛውም የእህል ሚዛን ይበቃል። አንድ ቀን በጉልቻ ከመጋገራችሁ በፊት እንጨቱን መዝኑ፣ ሲያልቅ የተረፈውን መዝኑ፣ እንጀራውን ቁጠሩ። በሳምንቱ በአዲሱ ምድጃ፣ በዚያው ክምር እንጨትና በዚያው ምጣድ ድገሙት። የፈጀውን ኪሎ ለእንጀራው ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ በጉልቻ ለ25 እንጀራ 10 ኪሎ ከፈጀ ለአንዱ 400 ግራም ነው። በምድጃው 6 ኪሎ ከፈጀ 240 ግራም፣ ማለትም 40 በመቶ ቁጠባ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በዚህ ስሌት በዓመት 416 ኪሎ እንጨት ያስቀራል። ያ እንጨት ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ገንዘብ ነው፤ ከእንጦጦ እንደሚወርዱት ሴቶች በጀርባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ የሚመዝኑ ከ20 በላይ ሸክሞች ናቸው።

ለገዢው ኪስ ስሌቱ እንዲህ ነው፤ በሳምንት ለጋገራ 300 ብር እንጨት የሚገዛ ቤት 40 በመቶ ቢቆጥብ 120 ብር ይቀረዋል። ምድጃው ከነማጓጓዣውና ከነተከላው 1,800 ብር ቢሆን በ15 ሳምንት ዋጋውን ይመልሳል። የእናንተን ዋጋ አስገቡበት። በአግባቡ የተሠራ ምድጃ ከ5 ዓመት በላይ ሊያገለግል ስለሚችል እንጨት ለሚገዛ ቤት አከራካሪ አይደለም። እንጨቱን ለሚለቅም የገጠር ቤት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የሚቆጠበው የሴቶች ጊዜና ጉልበት ነው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባል ነው። በብድር ወይም በእድር በኩል ተከፍሎ የሚያልቅ ክፍያ ካልተዘጋጀ በስተቀር እነዚያ ቤቶች ምድጃውን ቢወዱትም አይገዙትም።

ጭሱስ?

እዚህ ላይ ምርጥ ምድጃ ከስሙ ያንሳል። ያነሰ እንጨት ስለሚነድ ጭሱ ይቀንሳል፤ እሳቱ በግድግዳ ስለተከበበም ልጅ የመቃጠሉ አደጋ በጣም ይቀንሳል፣ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የጭስ ማውጫ ቱቦ የሌለው ሞዴል ጭሱን ከኋላ በኩል እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል። መስኮት የሌለው ወጥ ቤት ውስጥ ግማሽ ጭስም ጭስ ነው። ሻጭ «ጭስ አልባ» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ስለዚህ ቱቦ ያለውን ግዙ ወይም አስገጥሙበት። የቆርቆሮው ቱቦ ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ከጠበበ ጥላሸት ቶሎ ይደፍነዋል። ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ ቱቦው በክዳኑ ሳይሆን በግድግዳው ይውጣ፤ ብልጭታ ሣር ላይ ካረፈ ቤት ያቃጥላል። ቱቦው በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ ነበልባሉን ስቦ ስለሚያወጣው ምጣዱ አይግልም፤ እዚያ ላይ ግማሽ የሚዘጋ ቆርቆሮ ማስገባት ነው መፍትሔው። በወር አንዴ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ጥላሸቱን አራግፉ። ቱቦ መግዛት ካልተቻለ ከምድጃው ኋላ ከጣራው ሥር ሰፊ ቀዳዳ መክፈት ብዙ ይረዳል።

ለድስትና ለቡና

ምርጥ ምድጃ የምጣድ ነው። ለወጥ «ትክክል» የሚባለው የቆርቆሮና የሸክላ ምድጃ ጭራሮ ለሚያነድ ቤት ጥሩ ነው፤ ትንሽ እንጨት፣ ቀጥ ያለ ነበልባል፣ ድስቱ ግን ከአፉ ጋር መገጠም አለበት። ከሰል ለሚያነድ ደግሞ «ላቀች» አለ። ከቆርቆሮው ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ ሩብ ከሚመስለው በላይ ነው፤ በአፈር በተሸፈነ ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነዳልና፣ እናንተ ያስቀራችሁት አንድ ኪሎ ከስምጥ ሸለቆ ግራር አንድ ጥሩ ቅርንጫፍ ነው። ላቀች ስትገዙ የውስጡን ሸክላ እዩ፤ ከቆርቆሮው ጋር በደንብ ካልተመረገ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀም ሸክላው ብቻ ይለወጣል፣ ሙሉውን መጣል አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ለምን?

መብራት በአስተማማኝ ሁኔታ በሚገኝበት ከተማ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይበልጣል። ጭስ የለውም፣ የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመጣም ንጹሕ ነው። ግን እሱም የራሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦና ተራ ሶኬት ይህን ለአንድ ሰዓት ተኩል አይችልም፤ የቀለጡ ሶኬቶች ምክንያታቸው ይህ ነው። ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ ኤርዝ ያለው መስመር ይዘርጋለት። በአካፋይ ገመድ ፈጽሞ አትሰኩት። ስትገዙም ከሥር ሙቀት መከላከያ እንዳለው ጠይቁ፤ ሬዚስታንሱ፣ የሚግለው ሽቦ፣ በጄሶ ብቻ ተለብጦ ከታች ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱ ግማሽ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል።

ሠላሳ እንጀራ መጋገር ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ በቆጣሪያችሁ ላይ ያለውን የአሁኑን ዋጋ አባዙበት፤ ያም ሆኖ እንጨት በውድ በሚሸጥባቸው ከተሞች ብዙ ጊዜ መብራቱ ይረክሳል። ሌላው ችግር የኃይል መውረድ ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ኃይል በ18 በመቶ አይደለም የሚቀንሰው፤ በሦስተኛ እጅ ነው፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወርዳልና። ዓይን የማያወጣ፣ እርጥብ እንጀራ የሚወጣው ያኔ ነው። ሊጡ ወይም ምጣዱ አይደለም ጥፋተኛው፤ ጧት ማልዶ መጋገር ነው የሚሻለው።

የአገሪቱ ጉዳይም እዚሁ ምጣድ ላይ ይታያል። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ይጠይቃል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው፣ ለአንድ ሚሊዮን ቤት ብቻ። ግድብ መሥራት ብቻውን ጭሱን ከወጥ ቤት አያወጣም፤ ትራንስፎርመር፣ የሰፈር መስመርና በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት የማይጋራበት ሁኔታ ያስፈልጋል፤ ሙቀት የማያባክን ምጣድም እንደዚሁ። ያ እስኪሆን ድረስ ለአብዛኛው ቤት እንጨት አለ፤ እንጨት እስካለ ድረስም ምርጥ ምድጃ ያስፈልጋል። ከተማ ያለውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ሊጡ እንዳይኮመጥጥበት አንድ ምርጥ ምድጃ በግቢው ቢተክል ደህና ይሆናል።

ለአምራቾችና ለሚያሰራጩት መሥሪያ ቤቶች የሚባል አለ። «ይህን ያህል ምድጃ አሰራጨን» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር ከግቢ የወጣውን ይቆጥራል፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እየነደደበት እንደሆነ አይቆጥርም። በየምድጃው ላይ የተሠራበት ቀንና የአምራቹ ስም ሲሚንቶው ሳይደርቅ ቢጻፍ ገዢው 14 ቀን መሙላቱን ያውቅ ነበር፣ የጠመመው ቅርጽ ማውጫም ይታወቅ ነበር። ከሁሉ ቅርብ የሆነው ማሻሻያ ግን ክፍሉን ለብቻው መሸጥ ነው። ምድጃው ስድስት ቁራጭ ነው፤ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው፣ በር ያለበት የፊተኛው። ሙሉውን እንደገና ግዙ የሚል ሻጭ ገዢውን ወደ ጉልቻ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «የፊቱን ክፍል ለብቻው ትሸጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ ከሚለው ግዙ።